ሕፃን አልበላም ሲል

እንግዳ ቤታችን ገብቶ ሳይቀምስ ቢወጣ እንደ መናቅ የምንቈጥር ሰዎች፥ የገዛ ልጃችን አፉን ገጥሞ ፊቱን ያዞረብን ዕለት ምን ያህል እንደምንታወክ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሕፃኑ እንቢ ያለው ማንኪያውን ብቻ ቢሆንም እናት ራሷን እንደ ጠላት ትቈጥረዋለች፤ አባትም በአደባባይ እንደ ተነቀፈ ሰው ይቈጣል። የልጅ አለመብላት በቤተ ሰብ መካከል የሚያስነሣው ክርክር የልጅ በሽታ ከሚያስነሣው ይልቅ የሚበረታበት ጊዜ አለ። በሽታ የመጣ እንደ ሆነ ሁሉም ዝም ብሎ ሐኪሙን ይጠብቃል፤ ልጅ አልበላም ያለ እንደ ሆነ ግን በቤት ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል።

ይህችን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በቤታችን የደረሰው ነገር ነው። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሥራ የምንተዳደር ስንሆን፥ ስለ ሕክምና የምናውቀው ማንኛውም አንባቢ ከሚያውቀው አይበልጥም። ስለዚህ አንባብያን ከዚህ ገጽ የሐኪም ትእዛዝ እንዳይጠብቁ አስቀድመን እንለምናለን።

ልጃችን ሲወለድ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ይመዝን ነበር። እስከ ስድስት ወሩ የእናቱን ጡት ብቻ ጠባ፤ ከዚያም በኋላ ገንፎውንም፥ ድንቹንም፥ በሽሮ የራሰውን ፍትፍትም እየተቀበለ ዓመቱን ሲደፍን ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ሞላ። ጎረቤት ሁሉ ያመሰግነን ነበር፤ እኛም ምስጋናውን ያለ ሐፍረት እንቀበል ነበር። ነገሩ የተለወጠው ልጁ ዐሥራ አምስተኛ ወሩን እንደ ያዘ ነው። ትናንት ሲስቅለት የነበረውን ገንፎ ዛሬ በምላሱ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ማንኪያ ከሩቅ ሲያይ ራሱን ወደ ትከሻው ያዞራል። ባለቤታችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ስለ ሆነች ቀን ቀን ልጁን የሚይዙልን ከወሎ የመጡት እናታችን ነበሩ።

በመጀመሪያ ማባበል ሞከርን። አንዱ ይዘፍናል፥ አንዱ ቍልፍ ያንቃጭላል፥ አንዱ በስልክ ሥዕል ያሳያል፤ ልጁ በመገረም አፉን ሲከፍት ማንኪያው ይገባል። ይህ ዘዴ አንድ ሳምንት ያህል ከሠራ በኋላ ልጁ እየሳቀም አፉን መግጠም ተማረ። ቀጥሎ ጉቦ መጣ፤ ሁለት ማንኪያ ቢበላ ብስኩት፥ አራት ቢበላ ከረሜላ። በመሥሪያ ቤቱ ጉቦን የሚያወግዝ ሠራተኛ በቤቱ ለልጁ ጉቦ መቀበልን እንደሚያስተምር ያን ጊዜ አላሰብነውም። በመጨረሻም ኀይል መጣ። እናታችን ልጁን በጭናቸው ላይ አጋድመው፥ አንድ እጁን በብብታቸው ሥር አስገብተው ሌላውን ይዘው፥ አጥሚቱን በመዳፋቸው እያንቈረቈሩ ያጠጡታል። ልጁ ለማልቀስ አፉን ይከፍታል፤ መተንፈስ ስለሚፈልግም ይውጣል። እግሩን የምንይዘው እኛ ነበርን።

በኅዳር ወር መጨረሻ ገደማ አንድ ማክሰኞ ማታ፥ በዚህ ዐይነት ስናጠጣው አጥሚቱ ትን አለው። መጀመሪያ ሳለ፤ ከዚያ ሳሉ ተቋረጠ። ድምፅ የሌለው ልቅሶ እንዳለ ያወቅነው በዚያች ማታ ነው፤ አፉ ተከፍቷል፥ ፊቱ ተቈጥቷል፥ ነገር ግን ምንም አይሰማም። ከንፈሩ ጠቈረ። ባለቤታችን ከእናታችን ጭን ነጥቃ በደረቱ በክንዷ ላይ ደፍታ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፏ ሁለት ሦስት ጊዜ መታችው። አጥሚቱ በአፉና በአፍንጫው ወጣ፤ ልጁም ጮኸ። ያ ጩኸት በሕይወታችን ከሰማነው ድምፅ ሁሉ የሚጥም ነበር። ከዚያ በኋላ በቤታችን ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ራትም የበላ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ንጋት እናታችን ከጓዳ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘናቸው። «ልጄ፥ ልገድለው ነበር» አሉን። እኛም ሁላችንም እንደ ያዝነው፥ ጥፋቱ የጋራ እንደ ሆነ ለመናገር ስንጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙንና ከዚህ ቀደም ያልነገሩንን ነገር ነገሩን። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ አገራቸውን ባጠፋ ጊዜ፥ እኛ ሳንወለድ፥ የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝለው ባቲ ወደ ነበረው መጠለያ ወርደው ነበር። እኛ ስለ ታላቅ ወንድማችን እናውቅ የነበረው ስሙንና በክፉ ቀን መሞቱን ብቻ ነው። «በመንገድ ሳለን ያለቅስ ነበር፤ እኔም ልቅሶውን ስሰማ አለ እል ነበር» አሉ። «ከመጠለያው ገብተን ፋፋውን በጣሳ አምጥተው ሲሰጡኝ ግን ፊቱን አዞረ። እህል መጣልህ ብለው እንቢ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።»

ፋፋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀ የእህል፥ የጥራጥሬና የወተት ዱቄት መሆኑን፥ ስሙም ሕፃን ፋፋ ከሚለው ቃል የተወሰደ መሆኑን ብዙ አንባብያን ያውቃሉ። በረኀብ እጅግ የተጐዳ ሕፃን የመብላት ፍላጎቱ ራሱ እንደሚጠፋም ሐኪሞች ያውቃሉ፤ በዚህም ምክንያት ክፉኛ የከሳ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ መጀመሪያ ከሚፈተንባቸው ነገሮች አንዱ የሰጡትን ምግብ መብላት መቻሉ ነው። እናታችን ይህን የሕክምና ቃል አያውቁትም። ነገሩን ግን ከሐኪሙ በፊት በገዛ ልጃቸው ፊት ላይ አንብበውታል። ስለዚህ የእኛ ልጅ፥ ወፍራሙና ሳቂታው ልጅ፥ ከገንፎው ፊቱን ባዞረ ቍጥር እናታችን የሚያዩት እርሱን አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ላለች አያት «ልጅ አያስጨንቁ፤ ሲርበው ይበላል» ብሎ መናገር ምን ይጠቅማል? እርሳቸው ሳይበላ የቀረ ልጅ ያውቃሉ። የእናታችንም ፍርሃት የአንዲት ሴት ፍርሃት ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከ100ው 38ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገውም 37 ነበሩ። ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በዐይነቱም በጊዜውም ቢያንስ የሚገባውን ያህል ይመገቡ የነበሩት በ2008 ዓ.ም. ከ100ው 7 ብቻ ናቸው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በሰቆጣ ስም የገባው ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ዘንድ መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. ማጥፋት የሚል ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁ ምክንያት የሕፃናት እንቢታ ሳይሆን የመሶቡ ባዶነትና ምግቡ አንድ ዐይነት ብቻ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ መሶቡ ባዶ በነበረበት ዘመን የተማርነውን ፍርሃት መሶቡ ሲሞላ ከእጃችን አናወጣውም፤ የጠገበውንም ልጅ እንደ ራበው አድርገን እንይዘዋለን።

የረዳችን የባለቤታችን የአጎት ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን በሕፃናት ክፍል ነርስ ሆና ስለምትሠራ ባለቤታችን በዚያው ሳምንት በስልክ እያለቀሰች ነገሩን ነገረቻት። እውነቱን ለመናገር ቀደም ሲል ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደን ምክር ጠይቀን ነበር፤ በዚያም ሰልፉ ረጅም ስለ ነበር የሰማነው ቃል «አንቺ በሥርዐቱ ስላላበላሽው ነው» የሚል ብቻ ሆኖ፥ ባለቤታችን ወር ሙሉ ይዛው ከርማለች። የአጎቷ ልጅ ግን ወቀሳም ትእዛዝም አልተናገረችም። መጀመሪያ አስመዝኑት፥ ከዚያ እንነጋገር አለች።

አስመዘንነው። በዐሥራ ሰባት ወሩ ዐሥር ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆነ፤ የክንዱ ዙሪያም ዐሥራ አራት ሴንቲ ሜትር። ይህንን ስንነግራት ሳቀች። ሕፃን በመጀመሪያ ዓመቱ የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ሁለት ኪሎ ወይም ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ዕድገቱ ሲቀዘቅዝ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ በዚሁ ዕድሜ ልጅ መራመድና እንቢ ማለትን በአንድ ጊዜ ይማራል፤ የማያውቀውንም ምግብ መጠራጠር ይጀምራል። እኛ እንደ በሽታ ያየነው እርሷ እንደ ዕድሜ አየችው። በዓመቱ ሲበላ የነበረውን ልክ ለዘላለም እንደ ተዋዋለን ሰዎች እየጠየቅነው ኖረናል።

ከዚያም አንድ ሥራ ሰጠችን። «በየሰዓቱ አትዩት፤ በሳምንት እዩት። ሰባት ቀን ወደ አፉ የገባውን ሁሉ ጻፉልኝ» አለች። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከዚህ የሚስማማ መድኃኒት የለም። ወዲያው አንድ ደብተር አሰመርን፤ ሰዓት፥ የምግቡ ዐይነት፥ ልኩ፥ ማን እንዳበላው የሚሉ አራት ዓምዶች። እናታችን ማንበብ ስለማይችሉ ቀን የሰጡትን ማታ እየነገሩን እኛ እንጽፍ ነበር። አንዳንዴም ለልጁ አዝነው ቍጥሩን ከፍ ያደርጉት እንደ ነበር እንጠረጥራለን።

በሰባተኛው ቀን ደብተሩን ስንደምረው ሁለት ነገሮች አገኘን። አንደኛው ልጁ ይበላ ነበር። ሰኞ ምሳ ሦስት ጉርሻ፥ ራት ምንም፤ ማክሰኞ ቍርስ አንድ ሙሉ እንቍላልና ግማሽ ሙዝ፤ ረቡዕ ወተትና ትንሽ ቂጣ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከጎረቤት ልጆች ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ፥ ማንም ሳያጐርሰው፥ ከአንድ ትሪ ላይ በሽሮ ግማሽ እንጀራ ያህል። በየቀኑ ስናየው ጥፋት የነበረው በሳምንቱ ሲደመር የሚያኖር ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ነገር ሠላሳ አንድ ብስኩትና ዐሥራ አንድ ስኒ ሻይ በስኳር ነበር። ከሠላሳ አንዱ ብስኩት መካከል በዐሥራ ዘጠኙ አንጻር፥ ማን እንዳበላው በሚለው ዓምድ ውስጥ፥ በገዛ እጃችን የጻፍነው የራሳችን ስም ነበር። ከሥራ ስንመለስ ከዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ከኪሳችን እያወጣን የምንሰጠው ነው። ልጁ ወደ በሩ እየሮጠ የሚቀበለን ለእኛ ይመስለን ነበር። ከዚያም አንድ ሰዓት ቈይቶ ራት ሲቀርብና እንቢ ሲል እግሩን ይዘን እናስጠጣው ነበር። ደብተሩን በስልክ ስናነብላት ዐሥራ ዘጠኝ የሚለውን ቍጥር ዝቅ ባለ ድምፅ አነበብነው፤ «እንደገና በልልኝ፥ ወንድሜ» ብላ አስደገመችን።

ስለ ሻዩም ሳትነግረን አላለፈችም። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከጤፍና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል፤ የብረት ማነስ ደግሞ ራሱ የመብላትን ፍላጎት ይቀንሳል። በአገራችን ለሕፃን ሻይ በዳቦ መስጠት እንደ ደግነት የሚቈጠር ስለ ሆነ ይህን ለማስቀረት ከብስኩቱ ይልቅ ከጎረቤት ጋር ብዙ መግባባት አስፈለገን።

የሰጠችንን ምክር ብዙ ሰው በአንድ ቃል ሊያውቀው ይችላል፤ አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር ለብዙ ዓመታት ስታስተምረው የኖረችው ነው። ምን እንደሚቀርብ፥ መቼና የት እንደሚቀርብ የወላጅ ድርሻ ሲሆን፥ መብላትና አለመብላት፥ የሚበላውም ልክ የሕፃኑ ድርሻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ባወጣው መመሪያ ሕፃናት የረኀባቸውንና የጥጋባቸውን ምልክት እየተከተሉ እንጂ እየተገደዱ እንዳይመገቡ መክሯል። ይህ ድርሻ ክፍፍል በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በመሶብ ዙሪያ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ አባት «የአንተ ድርሻ ነው» ብሎ እጁን መሰብሰብ የሚችለው በብዙ ትግል ነው። ጉርሻ የፍቅር ቋንቋችን ነውና ያልጐረሰ ልጅ ያልተወደደ ይመስለናል።

ተጠራጣሪ ስለ ሆንን የዚህን ምክር መሠረት ፈለግን። ካገኘነው ሁሉ የደነቀን ክላራ ዴቪስ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ያደረገችው ሙከራ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1939 ባቀረበችው ጽሑፍ እንደ ገለጠችው፥ ጡት ገና የተዉ ዐሥራ አምስት ሕፃናትን ሰብስባ፥ ከሠላሳ አራት ዐይነት ምግቦች መካከል በየማዕዱ የተወሰኑትን በትሪ አቀረበችላቸው። ነርሶቹ ማንኪያ ይዘው በዝምታ እንዲቀመጡ፥ ሕፃኑ እጁን እስኪዘረጋ ወይም እስኪያመለክት ድረስም ምንም እንዳያቀርቡለት፥ ስለ በላው እንዳያመሰግኑት፥ ስለ ተወውም እንዳይወቅሱት ታዘዙ። ሕፃናቱ የበሉትን ለሚያይ ሰው ዕብደት ይመስላል፤ አንዱ በጠዋት ብዙ የብርቱካን ጭማቂና ጕበት፥ በማታ ደግሞ እንቍላል በእንቍላል ላይ፥ ሙዝና ወተት። የእያንዳንዱ ምርጫ ከሌላው የተለየ ነበር። በወራት ብዛት ሲታይ ግን ሁሉም በመልካም ጤና አደጉ። በአጥንት መለስለስ በሽታ ታሞ የገባ አንድ ሕፃንም በትሪው ላይ የቀረበለትን የዓሣ ጕበት ዘይት እስኪድን ድረስ በፈቃዱ እየጠጣ፥ ከዳነ በኋላ ተወው።

ይህንን ታሪክ በመሥሪያ ቤታችን ስንናገር አንድ ባልደረባችን «እንግዲያው ልጄ ከረሜላ ብቻ ይምረጥ?» ብሎ ሳቀብን። መልሱ ከዴቪስ ጽሑፍ ራሱ ይገኛል፤ ምስጢሩ በትሪው ላይ ነው ትላለች። ከሠላሳ አራቱ መካከል ስኳርም፥ የታሸገ ምግብም አልነበረም። ሕፃኑ ነጻ የሆነው ዐዋቂዎች በጥንቃቄ በመረጡት ውስጥ ነው። የእኛ ስሕተት ከዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ከኪሳችን የሚወጣው ያለ ልክ ነጻ ሆኖ ሳለ ከድስቱ የሚወጣው በግዳጅ ነበር። ስለ ግዳጅም ቢሆን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 በፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ባሳተሙት ጥናት፥ «ሾርባህን ጨርስ» እየተባሉ የተጐተጐቱ ሕፃናት ካልተጐተጐቱበት ሾርባ ይልቅ ያነሰ ጠጡ፤ ስለ ሾርባውም ክፉ ተናገሩ።

አዲሱ ሥርዐት እንዲህ ሆነ። ልጁ ለብቻው መመገቡ ቀርቶ ከእኛ ጋር ከገበታው ዙሪያ ተቀመጠ፤ ትንሽ ሳሕን ተገዛለት፤ በእጁ እንዲበላ፥ እንዲደፋም ተፈቀደለት። ከእኛው ምግብ በርበሬው ከተቀነሰለት ወጥ፥ ከምስሩ፥ ከድንቹ፥ በቀን አንድ ጊዜም እንቍላል ይቀርባል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሳሕኑ ያለ ቃል ይነሣል። በሁለት ማዕድ መካከል ፍሬ ወይም ወተት ካልሆነ በቀር ሌላ የለም። እኛም በባዶ ኪስ ወደ ቤት መግባት ጀመርን፤ ይህ ለጥቂት ቀናት ታላቅ ሐዘን አመጣብን፤ ልጁ ኪሳችንን ፈትሾ ጀርባውን ይሰጠን ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን እንቍላሉ ነበር። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት በጾም እንደማታስገድድ እናታችን አሳምረው ያውቃሉ፤ ነገር ግን በጾሙ ድስት እንቍላል እንዲነካ አልፈቀዱም። ብዙ ቤተ ሰብ በዚህ ምክንያት ብቻ ልጁን ሳያስበው እንደሚያስጾመው ነርሷ ነግራናለች፤ ምእመናን በዓመት የሚጾሙት ቀን ከ180 እንደሚበልጥ ላሰበ ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም። ባለቤታችን ከገበያ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ገዝታ በሌላ መደርደሪያ አኖረች። የንስሐ አባታችንም ቤታችን በመጡ ጊዜ ድስቲቱን አይተው ደግ አድርጋችኋል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቍላሉን የሚጠብሱት፥ ሽታው እያስቸገራቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፥ እናታችን ናቸው።

ይህ ሁሉ ያለ ችግር የሆነ እንዳይመስል የመጀመሪያዎቹን ቀናት መናገር ይገባናል። በሁለተኛው ማታ ልጁ አንድ ጉርሻም ሳይቀምስ ሳሕኑ ተነሣ። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ያህል የእናታችን ኮቴ ተሰማን፤ ወደ አልጋው እየሄዱ ትንፋሹን ያዳምጡ ነበር። እኛም ስናዳምጥ ነበርን። በጠዋት ግን ልጁ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። በአምስተኛው ቀን ከሥራ ቀደም ብለን ስንገባ እናታችን ብቻቸውን በቤት ሳሉ ልጁን እንደ ቀድሞው በጭናቸው አጋድመው አገኘናቸው። እኛም የማይገባ ቃል ተናገርናቸው። እግሩን የያዝን እኛ መሆናችንን ረስተን፥ ነገሩን ከተማርን አንድ ሳምንት ያልሞላን ሰዎች እንደ ዳኛ ቆምንባቸው። እናታችን ምንም አልመለሱም፤ ልጁን አስቀምጠው ነጠላቸውን አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እስከ ዛሬ ያንን ቃል ስናስታውስ ያሳፍረናል።

በዚያው እሑድ ነርሷ ስትደውል የሆነውን ነገርናት። «እማማን አቅርቡልኝ» አለች። ባለቤታችን ስልኩን ሰጠቻቸውና ከክፍሉ ወጣን። አርባ ደቂቃ ያህል ተነጋገሩ። በኋላ ከእናታችን እንደ ሰማነው፥ ነርሷ ስለ እኛ ልጅ ሳይሆን ስለ ባቲ ጠይቃቸዋለች፤ ስለ ታላቁ ወንድማችን ስሙን፥ ዕድሜውን፥ መልኩ ማንን ይመስል እንደ ነበር። ከአርባ ዓመት ወዲህ ማንም ይህን ጠይቋቸው አያውቅም። እኛ ልጃቸውም አልጠየቅናቸውም።

ቀጥላም ለእርሳቸው ብቻ የሆነ ሥራ ሰጠቻቸው። በሚመጣ ሰው እጅ የሕፃናት የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ላከችላቸው። ይህ ጥብጣብ ሦስት ቀለም አለው፤ የክንዱ ዙሪያ ከዐሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል በታች ሲሆን ቀይ፥ ከዚያ እስከ ዐሥራ ሁለት ተኩል ቢጫ፥ ከዚያም በላይ አረንጓዴ ያሳያል። እናቶች ራሳቸው በቤታቸው እንዲለኩበት በብዙ አገር ይሰጣል። ማንበብ አያስፈልገውም። «እማማ፥ ፊቱን ሲያዞር ፊቱን አይዩ፤ እሑድ እሑድ ክንዱን ይለኩ። አረንጓዴ እስከ ሆነ ድረስ ይተኙ። ቢጫ ያዩ ቀን ሌሊትም ቢሆን ይደውሉልኝ» አለቻቸው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ በጭን ማጋደሉ ቀረ። እኛ በመጽሐፍና በቍጥር ልናሳምናቸው የደከምነውን ያህል ያቺ አንዲት ጥብጣብ አሳመነቻቸው። ፍርሃታቸው ጠፋ ማለታችን አይደለም፤ የሚያርፍበት ቦታ አገኘ። ቀድሞ በቀን ሦስት ጊዜ በማንኪያው ላይ ያርፍ የነበረው በሳምንት አንድ ጊዜ በክንዱ ላይ ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጁ እጅጌውን ራሱ እየሰበሰበ ወደ አያቱ ይሮጣል። ጎረቤቶችም ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ እናታችንም ከቡና በፊት እየለኩ «አረንጓዴ! የማን ልጅ እንዲህ ሆነ!» እያሉ ይመርቋቸዋል። በአንድ እሑድ የአንዲት ሴት ልጅ ክንድ ቢጫውን ነካ። እናቷ በአቅራቢያችን ልብስ የምታጥብ ድኻ ናት። በማግሥቱ እናታችን ራሳቸው ይዘዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ በዚያም ለሕፃኗ የሚገባው ምግብ ተሰጣት። የእኛን ልጅ እንቢታና የዚያችን ልጅ መክሳት ለይተው ያወቁት በዐይናቸው ነው፤ ያ ልዩነት ለእኛም ግልጥ ሆኖ የታየን ያን ጊዜ ነው።

ይህንን ገጽ ከሚያነቡት መካከል በጤናና በትምህርት ሥራ ላይ ያሉ ሹማምንት እንዳሉ ስለምናምን አንድ ነገር ብንናገር ድፍረት እንዳይሆንብን እንለምናለን። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ እየዞሩ የሚያስተምሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። ነገር ግን ለእነርሱም፥ በጤና ጣቢያ ላሉትም የሚሰጣቸው ጊዜ ለመናገር እንጂ ለመስማት አይበቃም። ለወላጅ «ስድስት ዐይነት ምግብ ስጡ፤ አታስገድዱ» ማለት በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ አንዲትን አያት ምን እንደሚያስፈራት መጠየቅ ግን አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ያንን አርባ ደቂቃ ከየት እንደሚያመጡት የሚያስብ ሰው ቢገኝ መልካም ነበር። እኛ ያገኘነው ዘመድ ስላለን ብቻ ነው።

ደብተሩ በግንቦት ወር ተዘጋ። ልጁ ዛሬ ምስር፥ ሽሮ፥ ዓሣና ድንች ይበላል፤ ቲማቲም ያጠባዋል እንጂ አይበላውም። ሕፃን አዲስ ምግብ ለመልመድ ስምንት፥ ዐሥር፥ ዐሥራ አምስት ጊዜ ሊያየው እንደሚያስፈልግ ስለ ተነገረን ጎመንን በደብተሩ እየቈጠርን አቀረብንለት። እስከ ዐሥራ አራተኛው ድረስ ጽፈናል፤ በዐሥራ አራተኛው ቀን አንሥቶ አሸተተውና በእኛ ሳሕን ላይ አኖረው።

እናታችን ለክረምቱ እርሻ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጥብጣቧን ከጓዳው ምስማር ላይ ሰቅለውልን፥ እሑድ እሑድ እንዳንዘነጋ አስጠንቅቀውን ነው የሄዱት። ዘወትር እሑድ ማታ ይደውላሉ፤ ከሰላምታው ቀጥለው የሚጠይቁንም አንድ ነገር ነው።

«ፊቱን አዞረ ወይ?»

«ዛሬስ አዙሯል፥ እማዬ። ራት አልነካም።»

ጥቂት ዝም ይላሉ። ከበስተኋላቸው የበጎች ድምፅ ይሰማል።

«ክንዱስ?»

«አረንጓዴ ነው።»